ፒክአፑ ቆላ ወርዶ አልስብ ሲል ጥፋቱን ለአየሩ አንስጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጉዳዩ፦ በሞቃትና እርጥብ አየር ጉልበት ስለሚያጡ የናፍጣ ፒክአፖች

ጋምቤላ ወይም መተማ ደርሶ አልስብ ያለ ሃይሉክስ ወይም ዲ-ማክስ ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «አየሩ ነው፣ ደጋ ሲወጣ ይተወዋል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የናፍጣ ፓምፑ አልቋል፣ ይቀየር» የሚለው ነው። ሁለቱም ሳይለካ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። የመጀመሪያው ሕመሙን እስኪብስ ያቆየዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የገባ ውድ ዕቃ ያለ ጥፋቱ ያስጥላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአሽከርካሪዎች፣ ለመካኒኮች፣ በተለይም ብዙ መኪና ይዘው ቆላ ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች የስምሪትና የጥገና ኃላፊዎች ነው።

መጀመሪያ አየሩን ራሱን እንመርምረው። ሙቀት አየርን ያሳሳል፤ የሙቀት መጠኑ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ክብደት 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እርጥበትም የራሱን ይወስዳል፤ በ35 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት የውሃ ተኑ ከ4 በመቶ በላይ የሚሆነውን የአየር ቦታ ይይዛል፣ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ «አየሩ ነው» ባዮች ልክ ናቸው። የሚረሱት ግን ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የአየር ግፊቷ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና ግፊቱ 95 ይደርሳል። ሙቀቱንም እርጥበቱንም ቀንሰን ብናሰላው፣ ጋምቤላ ላይ በ35 ዲግሪ የሚተነፍስ ሞተር አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ ከሚተነፍሰው ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኦክስጅን ያገኛል። ስለዚህ ጤነኛ መኪና ከአዲስ አበባ ቆላ ሲወርድ መበርታት እንጂ መድከም የለበትም። ከደከመ በሽታ አለበት።

ሙቀት የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ሞተሩ ለክፉ ቀን የያዘውን ትርፍ አቅም ይበላበታል። በደጋ ቅዝቃዜ ተሸፍኖ የኖረው ግማሽ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቱቦ፣ የተዳከመ ቫልቭ ቆላ ላይ ይጋለጣል። ከሁሉም ይልቅ የሚፈትነው የመልስ ጉዞው ነው፦ ጭነት ይዞ በእኩለ ቀን ከጋምቤላ ወደ ቡሬና ጎሬ የሚወጣው ዳገት። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ይጠየቃል፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከፊት የሚገባው ንፋስ ጥቂት ነው፣ አየሩም እርጥብ ነው።

ምርመራው ከባትሪው ይጀምር፤ ማለትም ባትሪውን ባለመንካት። «ኮምፒውተሩ ይታደስ» ተብሎ የባትሪ ገመድ ሲነቀል የተመዘገበው የጥፋት ኮድና ጥፋቱ በተፈጠረበት ቅጽበት የነበረው መረጃ፣ የሞተር ሙቀቱ፣ ዙሩ፣ ግፊቱ፣ በአብዛኛው አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 እግር ሶኬት መመርመሪያውን ሰክቶ ኮዱን መጻፍ ይገባል። ፒ0299 የቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) ግፊት ማነስን፣ ፒ0087 የነዳጅ ግፊት ማነስን፣ ፒ0101 የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ንባብ ይመለከታሉ። ኮድ ግን የሚጠቁመው የሕመሙን ቦታ እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይደለም።

ቀጥሎ አሽከርካሪውን መጠየቅ ነው፤ ከማሽኑ ይልቅ ብዙ የሚያውቀው እሱ ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳም ደካማ ከሆነ ጥፋቱ ከሙቀት ጋር አልተያያዘም። ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ ጉዞ በኋላ ብቻ የሚደክም ከሆነ ነዳጁ ወይም ሞተሩ ሲግል የሚመጣ ነገር አለ። ከተማ ውስጥ ዝግ ብሎ ሲሄድ ደክሞ አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲይዝ የሚሻለው የንፋስ ችግር አለበት፤ ቬንትሌተሩንና ኢንተርኩለሩን (ከቱርቦ የሚወጣውን አየር የሚያበርደውን) እንጠርጥር። ቀስ ሲል ደህና ሆኖ ሲረገጥ የሚታፈነው አንድ ቦታ ተዘግቷል፤ የአየር ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ ወይም የጭስ መውጫው። ቁልፍ ጠፍቶ ሲነሳ ወዲያው ወደ ጤናው የሚመለሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበት ቀንሶበት የነበረ ነው። የጭሱ ቀለም ይጠየቅ። ጥቁር ጭስ አየር እንዳነሰ ይናገራል። ጭስ ሳይኖር ድክመት ካለ ነዳጅ ማነሱን መጠርጠር ይሻላል።

ሴንሰሮቹን ለመፈተን ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴ አለ። መኪናው አድሮ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ተከፍቶ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፣ የአየርና የነዳጅ ሙቀት ንባቦች ይታዩ። ሁሉም ከውጭው አየር ሙቀት ጋር በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ መቀራረብ አለባቸው። አንዱ ተነጥሎ በ15 ዲግሪ ከዘለለ ያ ሴንሰር ወይም ገመዱ ይዋሻል። የማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚከፋፈልበት ቱቦ) ግፊት ሴንሰሩም በዚያው ሰዓት የከተማውን የአየር ግፊት ማንበብ አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ 77፣ ጋምቤላ ላይ 95፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ኪሎ ፓስካል አካባቢ። ጋምቤላ ቆሞ 80 የሚያነብ ሴንሰር ኮምፒውተሩን ተራራ ላይ እንዳለ ያሳስተዋል፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ይቀነሳል።

አሁን ኮፈኑ ይከፈት። የአየር ፊልትሮው ወረቀት በእርጥብ አየር ይረጥባል፣ የያዘው አቧራ ጭቃ ሆኖ ይለጠፍበታል፤ በላዩ ደረቅ መስሎ እጥፋቱ ሲከፈት ግን ቀይ ልጥፍ ይታያል። እንዲህ ያለውን በኮምፕረሰር እየነፉ ማደስ ዋጋ የለውም፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። ያለ ፊልትሮ ነድቶ መሞከርም አይገባም፤ በአንድ የአቧራ መንገድ የገባው አሸዋ የቱርቦውን ክንፍ ይበላዋል። አዲስ ፊልትሮ አስገብቶ ልዩነቱን ማየት በቂ ፈተና ነው።

ኢንተርኩለር ባላቸው ሃይሉክሶች ላይ ኢንተርኩለሩ ሞተሩ አናት ላይ ተኝቶ በኮፈኑ አፍ በሚገባ ንፋስ ይቀዘቅዛል። ቱርቦው የጨመቀው አየር ሲወጣ ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ እሱን ማብረድ የዚህ ዕቃ ሥራ ነው። በኮፈኑ አፍና በኢንተርኩለሩ መካከል ዙሪያውን የሚያሽግ ጎማ ወይም ስፖንጅ አለ። ይህ ሲቀደድ ወይም አንድ መካኒክ አውልቆ ሳይመልሰው ሲቀር፣ ከውጭ የሚገባው ንፋስ በጎን ያመልጥና ኢንተርኩለሩ የሞተሩን ትኩሳት ሲጠጣ ይውላል። ዋጋው ጥቂት የሆነ ስፖንጅ ነው፤ ሲጎድል ግን ሞተሩ በሙሉ ይቀጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። መኪናው እየሄደ ከኢንተርኩለሩ በኋላ ያለው የአየር ሙቀት ይነበብ። ከውጭው አየር በ15 እስከ 30 ዲግሪ መብለጡ የተለመደ ነው። ፍጥነት ይዞም ከ40 ዲግሪ በላይ ከበለጠ ክንፎቹ ተደፍነዋል ወይም ንፋስ አያገኙም።

ከቱርቦ እስከ ኢንቴክ ማኒፎልድ ያሉት የጎማ ቱቦዎች በእጅ ተጨምቀው ይታዩ። ዘይት የለመደው ጎማ ሲግል ይለሰልሳል፣ ስንጥቁም በግፊት ይከፈታል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይዘጋል። ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ቀዝቅዞ የተፈተሸ ቱቦ «ደህና ነው» የሚባለው። ፋሼታው (የቱቦው ማሰሪያ) አጠገብ እርጥብ የዘይት ቀለበት ከታየ እዚያ አየር ይወጣል። በትክክል ለማወቅ መኪናው ከመንገድ እንደገባ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝ፣ ከቱርቦው መውጫ እስከ ማኒፎልዱ ያለውን ክፍል በሁለት በኩል ደፍኖ ከ1 ባር ባልበለጠ ግፊት አየር መሙላትና የሳሙና ውሃ መቀባት ነው። ማፈኛው ሊፈናጠር ስለሚችል ፊት ለፊቱ አይቆምም። እዚህ የሚያመልጥ አየር ጥቁር ጭስ የሚያመጣበት ምክንያት አለው፤ የአየር መለኪያው አየሩን ቆጥሮታል፣ ኮምፒውተሩም በዚያ ሒሳብ ነዳጅ ረጭቷል፣ አየሩ ግን ሲሊንደር አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ይለካ። በ3ኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር ጀምሮ መርገጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ እስከ 3,000 ዙር ድረስ የማኒፎልዱ ግፊት ይመዝገብ። ቆላ ላይ ኢንተርኩለርና ተለዋዋጭ ክንፍ ያለው ቱርቦ የገጠመ የ3 ሊትር ሞተር በአብዛኛው ከ200 ኪሎ ፓስካል ማለፍ አለበት። ዋናው ማነጻጸሪያ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊትና የተገኘው ግፊት ነው። ተጠይቆ ካልተገኘ፣ ቱቦውም ጤነኛ ከሆነ፣ የቱርቦው ክንፎች በጥላሸት ተጣብቀው ወይም የሚያንቀሳቅሳቸው ዕቃ ደክሞ ይሆናል፤ እንደ ሞዴሉ በቫኪዩም ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚሠራው። በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች መጀመሪያ ይታዩ፤ በሙቀት ደርቀው ጫፋቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። ጭስ በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር ቫልቭም ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ የተቃጠለ ትኩስ ጭስ ከንጹሕ አየሩ ጋር ይገባል፣ ግፊቱም በዚያው ይሾልካል። የአየር መለኪያው ሽቦ በራሱ ማጽጃ ስፕሬይ ብቻ ይታጠብ፣ በጣትም በጨርቅም አይነካ።

እርጥበት ሞተሩን በእውነት የሚጎዳበት፣ ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ በኤሲው በኩል ነው። እርጥብ አየር ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ተን ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ያ ለውጥ የሚለቀው ሙቀት ሁሉ ወደ ኤሲው ኮንደንሰር፣ ማለትም ሙቀቱን ወደ ውጭ ወደሚያወጣው ዕቃ፣ ይሄዳል፣ ኮንደንሰሩም ከራዲያተሩ ፊት ነው ያለው። ስለዚህ በእርጥብ ቀን ራዲያተሩ የሚያገኘው አየር በደረቅ ሙቀት ከሚያገኘው የባሰ የጋለ ነው፣ የኤሲው ኮምፕረሰርም ከሞተሩ ላይ የሚወስደው ጉልበት ይጨምራል። ከሚሌ እስከ ጋላፊ ባለው ደረቅ ሙቀት ደህና የመጣ መኪና ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሰልፍ ላይ ሲቆም ሙቀቱ የሚወጣው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ኤሲ ጠፍቶ ጉልበቱ በግልጽ ከተመለሰ ጥያቄው ወደ ማቀዝቀዣው ይዙር።

ራዲያተሩን ከፊት ብቻ አይቶ «ንጹሕ ነው» ማለት አይበቃም። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ባለው የጣት ስፋት ክፍተት ውስጥ የሣር ፍሬ፣ ነፍሳትና ቀይ አቧራ በእርጥበት ተጣብቀው እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋሉ። የላይኛው ማሰሪያ ተፈትቶ ኮንደንሰሩ ትንሽ ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ነው የሚታየው። የሚታጠበው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀላል ግፊት ውሃ ነው፤ የመኪና ማጠቢያው ከባድ ግፊት ክንፎቹን አጣጥፎ ይደፍናቸዋል።

ፋን ክላች የሚባለው የቬንትሌተሩ እምብርት በውስጡ ባለ የሲሊከን ዘይት ነው የሚይዘው። ሞተሩ ከ90 ዲግሪ በላይ ግሎ ከጠፋ በኋላ ቬንትሌተሩን በእጅ ብናሽከረክረው ከበድ ብሎ አንድ ዙር ሳይሞላ መቆም አለበት። ሦስት አራት ጊዜ በነጻ ከዞረ ደክሟል። ሞተር እየሠራ ግን እጅ ወደዚያ አይቅረብ። ቴርሞስታቱ ተፈትቶ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ይፈላ፤ በላዩ በተቀረጸው ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም፣ ደጋ ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲሠራ ያደርጋል። የራዲያተሩ ክዳን ስፕሪንግ ከላላ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ 1.1 ባር የተጻፈበት ክዳን ያንን ግፊት መያዙ በፓምፕ ይፈተን። ባዶ ውሃ የተሞላበት ራዲያተር በግማሽ ኩላንት በግማሽ ንጹሕ ውሃ ይተካ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈት።

ወደ ነዳጁ እንምጣ። «ፓምፕ አልቋል» የሚባለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በነዚህ ሞተሮች ላይ ከኢንጀክተርና ከፓምፕ የሚመለሰው ናፍጣ ግሎ ወደ ታንኩ ይገባል። ታንኩ ሩብ ብቻ ሲሆን ያው ጥቂት ናፍጣ እየተመላለሰ ሙቀቱ ይጨምራል። የጋለ ናፍጣ ይቀጥናል፤ በፓምፑና በኢንጀክተሩ ረቂቅ ክፍተቶች ወደ ኋላ የሚሾልከውም ይበዛል፣ የባቡሩ፣ ማለትም ነዳጁ ተጨምቆ የሚጠራቀምበት ቱቦ፣ ግፊት ይወርዳል። ቆላ ላይ ታንኩን ከግማሽ በታች አለማውረድ ሁለት ጥቅም አለው፤ ናፍጣው ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት በባዶው ክፍል ግድግዳ ላይ የሚጠራቀመው ጤዛም ይቀንሳል።

ውሃውን ማየት ቀላል ነው። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለው ማፍሰሻ ላልቶ በላይ ያለው የእጅ ፓምፕ እየተጫነ በሚያሳይ ጠርሙስ ላይ ይቀዳ፣ 10 ደቂቃ ይቀመጥ። ውሃው ከታች ይለያል። ጥቁር ዝልግልግ ነገር ከወጣ በውሃና በናፍጣ ድንበር ላይ የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ታንኩ ውስጥ አሉ ማለት ነው፤ ሞቃትና እርጥብ አገር ይስማማቸዋል፣ በርሜል ውስጥ የቆየ ናፍጣም ያመጣቸዋል። ያን ጊዜ ፊልትሮ መቀየር ብቻ ለሳምንት ነው፤ ታንኩ ወርዶ ይታጠብ፣ የመምጠጫው ወንፊትም ይጽዳ። የታንኩ ክዳን ሲከፈት ረዘም ያለ የመሳብ ድምፅ ከተሰማ የአየር መግቢያው ተደፍኗል፤ ክዳኑ ላልቶ ተነድቶ ለውጡ ይታይ። በፊልትሮና በፓምፕ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ለጊዜው ሲገባ አረፋ ከታየ ደግሞ ከኋላ አየር ይስባል።

ከዚያ የባቡሩ ግፊት። በሚኒሞ (መርገጫው ሳይነካ) 300 ባር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ፣ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ከ1,000 ባር እጅግ የሚያልፍ ነው። እዚህም የተጠየቀውና የተገኘው ጎን ለጎን ይነበቡ፣ አንዴ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ አንዴ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ። ቀዝቃዛ ሳለ እኩል ሄደው ሲግል የተገኘው የሚዋዥቅ፣ ሚኒሞውም ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፓምፑ ላይ በ2 ቡሎን የታሰረው የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው፤ የተጣራ ያልሆነ ናፍጣ ያጣብቀዋል። ዋጋው ከፓምፑ ጋር አይወዳደርም። ሲቀየር ዙሪያው ታጥቦ፣ አንድ ቅንጣት አሸዋ ሳይገባ ነው፤ በኋላም ኮምፒውተሩ ስለ አሮጌው ቫልቭ የተማረው በማሽን ይታደስ። ቫልቩ ጤነኛ ሆኖ ግፊቱ ከወረደ፣ በተለይ ግሎ ከጠፋ በኋላ ለመነሳት የሚያስቸግር ከሆነ፣ የኢንጀክተሮቹ መላሽ ይለካ። አራት እኩል ጠርሙስ፣ አንድ ደቂቃ በሚኒሞ። ከሌሎቹ እጥፍ የሚመልሰው ተገኘ ማለት ነው። ሞተር እየሠራ የግፊት ቱቦ ማላላት ፈጽሞ አይገባም፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ያ ከሆነም ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ሞተሩ ምንም ሳይሆን መኪናው የሚጎተትበትም ጊዜ አለ። እርጥበት የፍሬን ካሊፐሩን ፒን ያዝገዋል፣ ሸራውም ሳይለቅ ይቀራል። ፍሬን ብዙ ሳይነካ ከተነዳ በኋላ የአራቱ ቸርኬ እምብርት ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይለካ፤ የአንድ አክስል ግራና ቀኝ በ30 ዲግሪ ከተለያዩ የጋለው ተይዟል። ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል።

በጅዳ ወይም በዱባይ የቤንዚን ፒክአፕ ለሚነዱ ወገኖች ቅደም ተከተሉ ይለያል፦ በሙቀት የሚደክም የታንክ ውስጥ ፓምፕ፣ ሲግል የሚስት የካንዴላ ኮይል፣ ከዚያ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው።

የመኪና ባለቤት ለሆኑ መሥሪያ ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ከ«ፓምፕ ይቀየር» ወይም «ቱርቦ ይቀየር» ማዘዣ በፊት አንድ ገጽ ንባብ ይጠየቅ፦ ኮዱ፣ ኩላንቱ ዳገት ላይ የደረሰበት ከፍተኛ ሙቀት፣ ከኢንተርኩለር በኋላ ያለው የአየር ሙቀት፣ በ3ኛ ማርሽ የተለካው ግፊት፣ የባቡሩ የተጠየቀና የተገኘ ግፊት ሲቀዘቅዝና ሲግል። መካኒኩም ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ዋጋ ይከፈለው፤ ዛሬ የሚከፈለው ዕቃ ሲቀይር ብቻ ስለሆነ ለመለካት የሚያጠፋው ግማሽ ቀን ከኪሱ ነው የሚወጣው። ያው ገጽ መኪናው ከጥገና ከወጣ በኋላም በዚያው መንገድ፣ በተቀራራቢ ጭነት እንደገና ይሞላና ከመጀመሪያው ጋር በመኪናው ፋይል ውስጥ ይያያዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የናፍጣ ሞተር መካኒክ
አዲስ አበባ